ቁጥር ሃያ ጠመንጃ

ላፍቶ፣ መስከረም 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ እንግዳ፤
ድሬዳዋ

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? አባባም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክረምቱን በደህና ወጥተን መስቀልን በደስታ ውለናል።

አባባ የቆቅ ማደኛ ጠመንጃቸውን ሊለውጡ ፈልገው ቅዳሜ ጎረቤታችን ኮርሳ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። የኮርሳ ጠመንጃ ቁጥር ሃያ ናት። እንደምታውቀው ቁጥሩ ሲበዛ አፈሙዙ ይጠባል፤ ከእኛ ቁጥር ዐሥራ ሁለት በጣም ትቀላለች። አባባ ትከሻቸው ላይ ደጋግመው ሞክረው ወደዷት።

«ጋሽ ሙሉሰው፣ ይቺ እኮ የሴት ጠመንጃ ናት» ብሎ ኮርሳ ቀለደባቸው።

«ቆቁ እንደሆነ ይህን አይጠይቅም» አሉት። «ትልቁ ጠመንጃ እንደሆነ፣ ቢላዬ ሳይደርስ ቆቁን ይገድለዋል። ሳይታረድ የሞተ ደግሞ አልበላም።»

ሁላችንም ሳቅን። በትልቁ ሲያድኑ ግን የወደቀውን ቆቅ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጠው ደርሰው ያርዱት እንደነበር ትዝ አለኝ።

ስንመለስ ጠመንጃዋን እኔ ያዝኩ፤ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ዳገቱን ስንወጣ ሦስት ጊዜ ቆመው የጤፉን ማሳ አሳዩኝ። ዘንድሮ ጤፉ በእውነት አምሯል።

ለጠመንጃ ፈቃዱ ማመልከቻ ስጽፍላቸው «በእንግዳ ስም አድርጊው» አሉኝ። ለምን ብላቸው «የወጣት ዐይን ይሻላታል» ብለው ራዲዮናቸውን ከፈቱ።

እንግዲህ ለፊርማው አንተ ራስህ መምጣት አለብህ። የገናውን ጉዞህን ወደ ጥቅምት ብታመጣው ጥሩ ነው፤ ቆቁም እስከ ገና አይጠብቅህም።

አባባ ግንባርህን ስመውልሃል። በደህና ያገናኘን።

እህትህ ሚካል ሙሉሰው