ሁለተኛው ምክንያት

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዝናቡ ዛሬም አልተወንም። ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ጭቃውን ቀሚሴ ላይ ረጨው። ሹፌሩ ይቅርታ እንኳ አላለም። እርግማኔን ዋጥ አድርጌ ገባሁ።

አሥራ ሁለተኛ ቢ። የምሥራቅ እስያ ወደቦች ለባዕድ ንግድ እንዴት እንደተከፈቱ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነው፣ በቃሌ ነው የምወጣው። እ.ኤ.አ. በ1842 ቻይና ተሸንፋ የእንግሊዝ መርከብ ላይ ፈረመች፤ አምስት ወደብ ከፈተች፣ ሆንግ ኮንግን ሰጠች። በ1854 ጃፓን፤ የአሜሪካ መርከቦች መድፋቸውን ደርድረው መጡባት። በ1876 ኮሪያ፤ እሷን ደግሞ ያስገደደቻት ራሷ ጃፓን። ከዚያ ሰሌዳው ላይ "ለምን ፈረሙ?" ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ፦ መድፍ። ሁለተኛ፦ የፈራሚዎቹ አላዋቂነት። ሁሉም ገለበጡ።

መርዋ እጇን አወጣች። ይቺ ልጅ ከፊት ተቀምጣ አንድ ቀን አታሳርፈኝም።

"ቲቸር፣ አላዋቂ መሆናቸውን በምን አወቅን?"

"አውቆማ ማን ይፈርማል?"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደወሉ አዳነኝ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አባዬ መጣ። እንደ ልማዱ ሳይደውል። ሱሪው እስከ ጭኑ ርሷል፤ ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ ነው። በዚህ ዕድሜው! ተቆጣሁት። "ውሃው ጎድሏል" አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።

ከኮቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። አሥራ አራት ገጽ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ። አንድ የውጭ ኩባንያ የመንደራችንን የጫካ ቡናና ማር በሙሉ ሊገዛ ከማኅበሩ ጋር ውል ይፈልጋል። ስልሳ ሦስት አባወራ። ሊቀመንበሩ አባዬ ነው። ፊርማው ኅዳር 14።

"አንብቢና በሁለት ገጽ በአማርኛ አውጪልኝ። እኔ በቋንቋችን በሸክኛ እነግራቸዋለሁ።"

"ዋጋው ጥሩ ነው?"

"ዋጋውን ተይው። ድልድይ ይሠራሉ።"

እማዬ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ነሐሴ ላይ ሆዷን ታመመች፣ በቃሬዛ አወረዷት፣ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሁለት ቀን ዳር ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ጎደለ... እኔ በወዲያኛው በኩል መኪና ይዤ ቆሜ ነበር። ቃሬዛዋን አየው ነበር።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንቀጽ 4፦ የዋጋው ስሌት ለሃያ ዓመት፣ ኩባንያው ካልፈቀደ አይነካም። አንቀጽ 9፦ ማኅበሩ ለሌላ ለማንም ገዢ የሚሰጠው ጥቅም ሁሉ፣ ሌላ ስምምነት ሳያስፈልግ፣ ለኩባንያውም እንደተሰጠ ይቆጠራል። አንቀጽ 12፦ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው ኩባንያው በተቋቋመበት አገር፣ በዚያው አገር ሕግ ነው።

ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ! ቻይና ቀረጧን ብቻዋን እንዳትለውጥ፤ ለሌላ የሰጠችውን ሁሉ ለእንግሊዝም እንድትሰጥ፤ እንግሊዛዊ ቻይና ውስጥ ቢያጠፋ የእንግሊዝ ቆንስል እንዲዳኘው። አሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬ፣ ዛሬ የአባቴ ስም ሥሩ ተጽፎ አገኘሁት።

ድልድዩስ? ሁለት ጊዜ ፈለግኩ። የለም። አሥራ አራት ገጽ ውስጥ ድልድይ የሚል ቃል የለም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ሁለት ገጹን ጽፌ በሚኒባስ ላክሁለት። አንቀጽ 9 ላይ "ኩባንያው ከሌሎች ገዢዎች እኩል ይታያል" አልኩ። አንቀጽ 12 ላይ "ክርክር በሕግ ይታያል" አልኩ። ውሸት አይደለም... አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ለምን አለሳለስኩት? ልጻፈው፣ ማንም አያነበው። ድልድዩን ስለምፈልገው ነው። አባዬ በዚያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ማየት ስለመረረኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ተማሪዎቼ ፊት ስለ ፈራሚዎች ስፎክር ኖሬ፣ የኔ ብዕር ግን ከእነሱ ፈጠነ። አፈርኩ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አማን ከተማ ሄድኩ፣ ኑዕማን ሱቅ። የኩባንያው ወኪል እሱ ነው። ጅማ ተወልዶ እዚህ ያረጀ ነጋዴ፤ አባዬ ከእሱ ጋር ሃያ ዓመት ተገበያይቷል፣ አንድም ቀን በሚዛን አላጭበረበረውም።

"ጋሽ ኑዕማን፣ ድልድዩ የታለ?"

"ነግረውኛል። እኔም ለአባትሽ ነገርኩት።"

"ወረቀቱ ላይ የለማ።"

መነጽሩን አወለቀ። "ወላሂ አላየሁትም ቲቸር። አሥራ አራት ገጽ ማን አነበበልኝ? እነሱ ነገሩኝ፣ እኔ ነገርኩት። አባትሽን ይርዳውን አታልዬ እዚህ አገር እንዴት ወጥቼ እገባለሁ?"

አመንኩት። ይሄ ነው የባሰው። ክፉ ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር፣ ተጣልቼ እገባ ነበር።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝ። "ንገሪው" አለኝ። "ከእኔ ሲሰማው ወኪል ነኝ። ካንቺ ሲሰማው ግን ልጁ ነሽ።"

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

መንደር ሄድኩ። ወንዙን አባዬ እጄን ይዞ አሻገረኝ። እስከ ወገቤ። ደንጋዩን በእግሩ እየዳበሰ "እዚህ ርገጪ፣ እዚህ" እያለ። እማዬ ያረፈችበት ዳር ላይ ስንደርስ ባርኔጣውን አውልቆ አለፈ።

ጫካ ወሰደኝ፣ ቀፎዎቹን ሊያይ። ትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እዚያ ነገርኩት፣ አንድ ባንድ፣ ያለሳለስኩትንም። "ዋሽቼሃለሁ" አልኩት። አላየኝም። ቅጠል ይቆርጣል በእጁ።

ስለ አንቀጽ 9 ሳስረዳው ግን ሳቀ። "ይሄ ምኑ ክፉ ነው? ለአንዱ እንግዳ ሰጥተሽ ሌላውን መንሳት ነውር አይደለም እንዴ? እነሱ ባይጽፉት እኛ እንጽፈው ነበር።"

ደነገጥኩ። አንድ ቦታ አንብቤ ነበር... የቻይና ሹማምንትም እንዲሁ አስበው ነበር። ለመጣው ባዕድ ሁሉ እኩል መስጠት የንጉሡ ቸርነት ነው ብለው። መፍራት እንጂ መምከር አልችልበትም። ቀና ብዬ ቀፎዎቹን አየሁና እሱ በሚያውቀው ነገር ሞከርኩ።

በእኛ መንደር እንግዳ ቅርንጫፍ ከለመነ አይከለከልም፣ ቀፎውን ይሰቅላል። ንብ ከገባበት በኋላ ግን ባለ ዛፉ ራሱ "አውርድ" ማለት አይችልም። ማሩ እስኪቆረጥ ይጠብቃል።

"አባዬ፣ ይሄ እንግዳ አንድ ቅርንጫፍ ለመነህ። ሰጠኸው። ነገ ለሌላ እንግዳ ሌላ ቅርንጫፍ ስትሰጥ፣ ሳይለምንህ እዚያም ይሰቅላል። ለሦስተኛው ስትሰጥ እዚያም። ማሩ የሚቆረጠው ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።"

ቅጠሉን መቁረጥ ተወ።

"ብንጣላስ?" አለ። "ጸብ የሚሰማው ዛፉ ሥር ነው።"

"የእነሱ ጸብ የሚሰማው የእነሱ አገር ነው። ባሕር ማዶ።"

"ዛፉን ተሸክመን እንሂድ?"

አልቀለደም። እኔም አልሳቅኩም። ድልድዩ ወረቀቱ ላይ እንደሌለ የነገርኩት በመጨረሻ ነው። እሱን ሲሰማ ፊቱ ወደቀ። የኔው አባት በአንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆነብኝ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ልደውልለት እያልኩ ተውኩት። ምን ልለው? አትፈርም? እኔ ሚዛን ከተማ አስፋልት ዳር ቁጭ ብዬ፣ ሆስፒታል በእግር ርቀት ላይ እያለልኝ፣ ለእሱ አትፈርም?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ታፈሰ ደወለ፣ ጎረቤታችን። አባዬ ሰዉን ሰብስቦ ሁሉንም ነግሯቸዋል፣ የኔን ሁለት ገጽ ቀዶ። ሦስት ቀን ተከራክረዋል። "አንቺ መጥተሽ ፊት ለፊታቸው አንብቢው፣ ነጮቹ እየሰሙ" አለኝ። ድምፁ ደስ አላለኝም። "ተቀየምከኝ እንዴ?" አልኩት። "ሚስቴ ወሯ እየገባ ነው፣ ንጋቷ" አለና ዘጋው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ተፈረመ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ትልቁ ዛፍ ሥር ነበር፤ አባዬ ነው እዚያ ይሁን ያለው። አንድ ፈረንጅ፣ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠበቃ፣ ኑዕማን። ፈረንጁ ትሑት ነው፣ ለሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። መድፍ የለ፣ መርከብ የለ። የምጠላው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

አነበብኩ። አንድም ሳላለሳልስ። አባዬ በሸክኛ ተከተለኝ። አንቀጽ 12 ላይ ሲደርስ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፎቹ አሳየ። አጉረመረሙ።

ከዚያ አባዬ ተነሣ። "ሁለት ነገር እንጠይቃለን" አለ። "ድልድዩ ይጻፍ። ጸቡም እዚህ ይሰማ።" ጠበቃው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ ረጅም ስልክ አወራ። ተመለሰ። ድልድዩ ይጻፋል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሠራል። አንቀጽ 12 ግን አይነካም። "ካልሆነ ከወዲያኛው ቀበሌ ጋር እንፈራረማለን" አለ። በትሕትና ነው ያለው።

እኔ አባዬን እያየሁ በልቤ፣ እንቢ በል፣ እንቢ በል እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ እንቢ እንዳትል እላለሁ። ሁለቱንም። እግዜር ይወቅልኝ ሁለቱንም።

ታፈሰ ተነሣ። "ንጋቷ ያነበበችው ገብቶናል" አለ። "ልጆቻችን እንደሚረግሙን ገብቶናል። መጀመሪያ ግን ይወለዱ።" ተቀመጠ።

አባዬ ይፈረም የሚል ይቁም አለ። አርባ አንድ ሰው ቆመ። የተቀመጡትን አንድ ባንድ በስማቸው ጠርቶ "ተቀይማችኋል?" ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ እሱ። ብዕሩን ሰጡት። አባዬ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው ስሙን መጻፍ የተማረው፤ በዚያ የሚኮራውን ያህል በእኔ ዲግሪ አልኮራም። የቤታችን በር ላይ ሳይቀር ጽፎታል። ብዕሩን መልሶ "ቀለም አምጡ" አለ። አውራ ጣቱን ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነ።

ወደ ወንዙ ስንወርድ ጠየቅኩት። "ስምህን ለምን አልጻፍክም?"

"ስሜ ለደኅና ነገር ይቆይ" አለኝ።

ዳሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አጠበ፣ በአሸዋ ፈተገው። ቀለሙ አልለቀቀም። እማዬ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነበርን። እዚያ አለቀስኩ። እሱ እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ፣ ሊያሻግረኝ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ዝናቡ አቆመ። አሥራ ሁለተኛ ቢ ገባሁ። አዲስ ምዕራፍ መጀመር ነበረብኝ።

"ደብተራችሁን ወደ ኋላ ግለጡ" አልኳቸው። "ለምን ፈረሙ የሚለውን። ቁጥር ሁለትን ሰርዙ።"

አጉረመረሙ። አንዱ ከኋላ፣ "ቲቸር፣ በእስክርቢቶ ነው የጻፍነው!" "ፈተና ላይ ቢመጣስ?" አለ ሌላው።

"ቢመጣ እኔን አሳዩዋቸው" አልኩ።

መርዋ ብዕሯን ይዛ ታየኛለች። "በምን እንተካው?"

ጠመኔ አነሳሁ። ቻይናዊው ሹም የእንግሊዝ መርከብ ላይ ሲወጣ ምን ትቶ ነበር የወጣው? የጃፓኑስ? የእነሱ ወንዝ የቱ ነበር? አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልጠየቅኩላቸውም። ሁሉም እንደ አባዬ ነበሩ አልልም፣ አላውቅም። አላዋቂ ማለት ግን ከዛሬ ጀምሮ ከአፌ አይወጣም።

ሰሌዳው ላይ ያ ሰማያዊ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚታየኝ። ልጆቹ ጠበቁኝ።

"'ገብቷቸው ነበር' ብላችሁ ጻፉ" አልኳቸው።