ባዶውን በሙሉው ላይ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ዛሬ አራት ኮምፒውተር። ሦስቱ አቧራ ብቻ ነው፣ ጠርጌ መለስኩ። አራተኛው የጡረተኛዋ አዋላጅ ነው። አይነሳም። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ፣ በቃ።

"ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አለ" አሉኝ። ያዋለዱት ሕፃን ሁሉ... ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የእናቱ ስም፣ መጀመሪያ ማን እንዳቀፈው። ደብተሮቹ ውሃ ገብቶባቸው ሲበሰብሱ፣ በሁለት ጣት እየለቀሙ የገለበጡት ነው። ዛሬም ሰው በራቸውን አንኳኩቶ "ስንት ሰዓት ላይ ነው የተወለድኩት?" ይላቸዋል አሉ።

"ለእኔ ይተዉት" አልኳቸው። ሰፈሩ "ዶክተሩ" የሚለኝ በከንቱ ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ዲስኩን አውጥቼ ከራሴ ማሽን ጋር አገናኘሁት። ፋይሉ ተከፈተ! የተበላሸው የማስነሻው ክፍል ብቻ ነው። ከመጠገን በፊት መገልበጥ... ይህን ለስንቱ ሰብኬአለሁ። አዲስ ባዶ ዲስክ ሰካሁ። ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን። ስክሪኑ ላይ የሚለያዩት በቁጥር ብቻ።

እህቴ ደወለች። ጉራዬን እየነዛሁላት "ከዚህ ወደዚያ" የሚለውን መረጥኩ። ማሽኑ "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። አዎ አልኩ። ሳላነብ።

ሲያልቅ አዲሱን ከፈትኩ። ባዶ። አሮጌውን ከፈትኩ። ባዶ።

ባዶውን በሙሉው ላይ ገልብጬዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የማላውቀውንም። የተሰረዘ ነገር ይገኛል፤ በላዩ የተጻፈበት ግን... ምንም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
አዋላጇ መጡ። "ዲስኩ ሞቶ ነው የመጣው" አልኳቸው። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

"ምን ገደለው?"

"በድንገት ተነቅሎ ይሆናል..."

"እኚህ ሰውዬ!" አሉ። ባላቸውን ነው። "ካውያ ሊሰኩ ነቅለውት ነበር። ተዉ እያልኳቸው!"

"አይ፣ እሳቸው አይደሉም" ማለት አቅቶኝ ነው? ጭራሽ "አይዞዎት" አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ማመስገናቸው ነው የገደለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
እህል አልወርድ ብሎኛል። እህቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ሥራ በዝቶ" አልኳት። ውሸት አዋላጅ አይፈልግም፣ ራሱ ይወለዳል።

ሰኞ፣ የካቲት 17
ባልየውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሁሌ ሽክ የሚሉት ሰውዬ ሸሚዛቸው ተጨማዷል። ካውያውን አልነካውም ብለዋል።

"ከዚያ ቀን ወዲህ በቅጡ አላናገረችኝም" አሉኝ። "እውነቷን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷን ለአንድ ሸሚዝ ብዬ... እባክህ፣ ሌላ ቦታ ብንወስደው አይድንም?"

"አይመስለኝም፣ አባባ።"

ይህን ያልኩት ዓይናቸውን እያየሁ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18
ሱቁን አልከፈትኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19
ቤታቸው ሄድኩ። አዋላጇ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው የሚያስታውሱትን ይጽፋሉ። ገጹ አልሞላም። ባልየው በሩ ጥግ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጠዋል።

ቆሜ ተናገርኩ። "ፋይሉ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። መነቀሉ ቢያበላሽ እንኳ ማስነሻውን ነው፣ እሱ ይጠገናል። ጽሑፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያም ዋሸኋችሁ።"

ባልየው፦ "በካውያው አይደለም ማለት ነው?"

"አይደለም፣ አባባ።"

"በካውያው አይደለም" አሉ ደግመው። ለራሳቸው።

አዋላጇ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ ምናለ! እኔን አላዩኝም። ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ ማየት አቃታቸው። አንገታቸውን ደፍተው "ምን ያላልኩዎት አለ..." አሉ።

ሸክሜን ላራግፍ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ላይ ጥዬው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2
ጠዋት ባልና ሚስቱ ተያይዘው በሱቄ በር አለፉ። ሰላም አላሉኝም። ደግ አደረጉ።

ከሰዓት አንዲት መምህርት የማይነሳ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። የተማሪዎቿ ውጤት በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። የሰው ምስክርነት ሰምታ ነው የመጣችው። ልቀበላት እጄን ዘርግቼ... መለስኩት።

"ትተሽልኝ ከመሄድሽ በፊት ስሚኝ" አልኳት። "ባለፈው ወር የአንዲት ሴት የሠላሳ አንድ ዓመት ጽሑፍ በእጄ አጥፍቻለሁ። ሳላነብ ተጭኜ።"

ትንሽ አየችኝ። "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አለችና ኮምፒውተሯን መልሳ አቀፈች። ከባድ ነበር። እስከ መንገዱ ድረስ ተሸከምኩላት።