የማይወርደው ሚኒሞ

የሺዬ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል፤ አንቺን ስለ ጤና መጠየቅ አልችልም። ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን ነሐሴ ላይ አወጣን። አባትሽ አያ ዘለቀ ግማሽ አምባ ጊዮርጊስን አስከትለው መጡ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው ደጅ ቆሞ በላ። ብታዪ፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን ጠራው ትዪኝ ነበር። የጠራሽው አንቺው ነሽ፤ በወገራ ላሙን ያልከተብሽለት ገበሬ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ቤታችን ልንገርሽ። ሰፈራችን ፀዳ በቤት ተሞልታለች፤ ከፊታችን የነበረው ባዶ ቦታ ፎቅ በቅሎበት ፀሐይ ወደ መኝታ ቤታችን የምትገባው አርፍዳ ነው። ውሃ ያው እንደ ድሮው በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይረሳናል። የክትባት ሳጥንሽን መሥሪያ ቤትሽ ወስዶታል። የጎማ ቦት ጫማሽን ግን አልሰጠሁም፤ የወገራ ጭቃ እንደደረቀበት በር ሥር ቆሟል። እኔ የምበላው አዘዞ ካለች አንዲት ምግብ ቤት ነው። በወጥሽ ጨው ስጨቀጭቅሽ የኖርኩት ሰውዬ አሁን ያቀረቡልኝን ዝም ብዬ እበላለሁ፤ ብትሰሚ ትስቂብኝ ነበር።

ሞተር ሳይክልሽ ከጋራዡ ጓሮ ሸራ ለብሳ ከረመች። ፖሊስ ከመለሰልኝ ቀን ጀምሮ አልነካኋትም። ለጠየቀኝ ሁሉ ልቤ አልቻለም እላለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽም፤ ፈርቼ ነው። ብፈታት የማገኘውን ነገር ነበር የፈራሁት።

የገዛናት ሰሞን ትዝ ይልሻል? ካርቡራተር የሌላት፣ ነዳጇን በኮምፒዩተር እየለካች የምትረጭ ሞተር ሳይክል በእጄ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሃያ ዓመት ካርቡራተር ሲፈታ የኖረ መካኒክ እንዴት ዝም ብሎ ያያታል? ሳምንት ሳይሞላት ሆዷን ከፍቼ ነዳጅ መርጫዋን አወጣሁት። አንቺ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ፣ "ምነው አዲስ ዕቃ ትፈታለህ? ታመመችብህ?" አልሽኝ። ሳቅሁብሽ። አይቼ፣ አድንቄ፣ መልሼ ገጠምኳት። ያን ቀን ከኋላሽ አፈናጥጠሽኝ አዘዞ ደርሰን ተመለስን፤ ሰው ሁሉ ሚስቱ የምታሽከረክርለት ወንድ ብሎ ዞሮ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ክረምቱ ሲገባ ነው የነገርሽኝ። ነዳጅ መስጫውን ስለቀው እሷ አትለቀኝም፣ ቁልቁለት ላይ ትጎትተኛለች አልሽ። አስነስቼ ሰማኋት፤ ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ትጮኻለች። ሚኒሞዋ ከፍ ብሏል አልኩ። ሚኒሞ ማለት ሞተሩ እጅ ሳይነካው በራሱ የሚዞርበት ልክ መሆኑን አንቺም ከእኔ ጋር ኖረሽ ታውቂያለሽ። ካርቡራተር ላይ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ብሎኗን በካቻቢቴ መለስ ማድረግ። የአንቺዋ ብሎን ግን ከፋብሪካ ስትወጣ በቀለም ታሽጋ ነበር፣ አትንኩኝ ማለቷ ነው። እኔ ቀለሙን ሰብሬ አዞርኳት። ድምፁ ወረደ። ሸጋ ሆነች ብዬ ሰጠሁሽ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰሽ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በጠዋቱ ብርድ ጥፍት እያለች አስቸገረችኝ አልሽ። ከፍ አደረግሁልሽ። እንደገና ጎተተችኝ አልሽ። ብርድ ነው፣ ስትሞቅ ይተዋታል አልኩሽ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግሪኝ የሰው ሞተር ሳይክል ይዤ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። እሺ፣ ቅዳሜ አያታለሁ አልኩሽ። ሐሙስ ሞትሽ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ስትመለሺ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ። ዝናብ ነበር። ሰው ሁሉ መንገዱ አንሸራተታት አለ፤ ትራፊክ ፖሊሱም እንዲያው ጻፈ። እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ባለፈው ወር አባትሽ መጡ። ወንድምሽ ደሳለኝ የግብርና ሥራ ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ በእግሩ ይዞራል። "ይህችን ማኪና ምነው አሥረህ ታኖራት? ወንድሟ ይንዳት፤ ለነፍሷም ሸጋ ነው" አሉኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ? እንደነበረች ደግሞ እንዴት እሰጠዋለሁ? ሸራውን ገፈፍኩ።

የተጣመመውን የፊት ሹካ ቀየርኩ፣ ባትሪዋን ሞላሁ፣ አስነሳኋት። ጮኸች፤ ያው ጩኸቷ። የነዳጅ መስጫውን ገመድ፣ ካቦውን አየሁ፤ አልተወጠረም፣ ሲለቀቅ በደንብ ይመለሳል። የብልሽት መብራቷም አልበራም። ብሎኗ ላይ ከሰበርኩት ቀለም ግማሹ ቀርቶ ነበር፣ ሌላው ግማሽ በነዳጅ መርጫው አካል ላይ አለ፤ ሁለቱን አገናኝቼ ወደ ፋብሪካ ቦታዋ መለስኳት። አሁንም ጮኸች። ይቅር በይኝና የሺዬ፣ ደስ አለኝ። ጥፋቱ ከብሎኗ አይደለም፣ እኔ አይደለሁም ብዬ ብቻዬን መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከወንበሯ ሥር ትልቁ የከብት ስሪንጅሽ ተቀምጦ አገኘሁት። ውሃ ሞላሁትና በነዳጅ መርጫውና በሞተሩ መካከል ባለችው አጭር የጎማ ቱቦ ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረግሁ። ከላይ ምንም የለም። ከሥሯ ስረጭ ጩኸቱ ወረደ፤ ውሃውን ሳበችው። ተሰንጥቃ፣ በስንጥቁ ያልተለካ አየር ስትስብ ነው የኖረችው።

በአደጋው ተሰንጥቃ ይሆናል ብዬ ፈታኋት። አልነበረም። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ አቧራና ዘይት ጠቁሮ ተጋግሯል፤ ቆማ የሚገባ አይደለም፣ የወራት ጉዞ ነው። ስንጥቁ የሄደውም ጎማዋን ዙሪያዋን ይዛ በምታጠብቀው የብረት ቀለበት፣ በፋሸታዋ ጠርዝ ልክ ነው። ፋሸታዋን በካርቡራተር ልማዴ፣ ያለኝን ጉልበት ሁሉ አውጥቼ ያጠበቅኋት፣ በዚያች በሳቅሁብሽ ቀን፣ እኔ ነኝ። አዲስ ዕቃ ምነው ትፈታለህ ብለሽኝ ነበር።

አዲስ ጎማ አስመጣሁ። ፋሸታዋን መያዟን እስካውቅ ብቻ አጠበቅኋት። ስትነሳ ትንሽ ጮኸች፣ ሞቅ ሲላት በራሷ ወረደች፣ እንደምታመሰኳ ላም ረጋ አለች። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት እኔን ነው።

ዛሬ ጠዋት አባትሽና ደሳለኝ ሊወስዷት መጡ። አሮጌዋን ጎማ አምጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። አያ ዘለቀ ጎማዋን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩና፣ "ልጄ፣ የእግዜርን ሥራ ምነው በላስቲክ ታሳብባለህ? ቀኗ ነው" አሉኝ፤ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ምርቃቱ ከብዶኝ ቀና ማለት አቃተኝ። ደሳለኝ ግን ገባው። ስንጥቁን ብዙ አየው። ከዚያ፣ "ነግራህ ነበር?" አለኝ። አዎ፣ ሦስት ጊዜ አልኩት። ጎማዋን እጄ ላይ መለሳት። አባቱን አፈናጥጦ ወጣ።

ደጅ ቆሜ አየኋቸው። አስፋልቱ መግቢያ ላይ ሲደርስ ነዳጁን ለቀቀ፤ እሷም ወዲያው ረጋችለት። ላንቺ አንድ ቀን እንዲህ ብትሆንልሽ ኖሮ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ፣ እኔም ገባሁ።

አባትሽ ይቅር ብለውኛል፣ ፈጣሪም ይል ይሆናል፤ እኔ የምፈልገው ያንቺን ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያመጣልኝ የለም። እንዳትረሳት ቃል ግባልኝ የሚል ሰው ቢኖር ይገርመኛል፤ መርሳት ቢቻል ኖሮ እስከ ዛሬ በሞከርኩት። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። አሮጌዋን ጎማ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ በምስማር ሰቅያታለሁ። ማንም መጥቶ ትጎትተኛለች ቢለኝ፣ ካቻቢቴ ሳላነሳ ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ፣ ተናግሮ እስኪጨርስም እሰማዋለሁ። በእያንዳንዱ አንቺን እሰማለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አየኋት፣ የሺዬ።