ዓይኑን የታመመው ወታደር

ሰኞ፣ የካቲት 3

“የፊልማችን ሥራ ተጠናቅቋል። መጨረሻው ላይ ‘ታሪኩ በጥንታዊ ምንጮች ተረጋግጧል’ ከሚለው ሥር ስምዎን አስፍረናል። ፋርሶች ስፓርታውያንን ከኋላ የከበቡበትን የተራራ መንገድ የጠቆማቸው ዓይኑን የታመመው ወታደር መሆኑን ስለገለጹልን ከልብ እናመሰግናለን።”

ከፊልም ሠሪዎቹ የመጣውን ደብዳቤ ቃል በቃል ገለበጥኩት። የፈተና ወረቀት ሳርም ነው የደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት... እኔ? መቼ ነው የገለጽኩት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዳይሬክተሩ ጋ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ደስ አላለዎትም?”

“የግሪኩ ጸሐፊ ያለውን ተርጉሜ ልኬልህ ነበር። ስፓርታዊው ዓይኑ ታሞ ከጦርነቱ ቀረ። ወይም መልእክት ተልኮ ዘገየ። ጸሐፊው ሁለቱንም ነው ያስቀመጠው።”

“ሁለት ወሬ ለፊልም አይሆንም ጋሼ። ሰው ግራ ይጋባል።”

“ከሃዲው እኮ ሌላ ሰው ነው። ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል።”

“ይኼን ያገኘነው ከእርስዎ ነው። ያረሙልንን የፊልሙን ረቂቅ ይዩት። ካስከፋዎት ስምዎን ከፊልሙ እናወጣለን።”

ስምዎን እናወጣለን... እንደ አቧራ እናራግፍልዎ ማለቱ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ረቂቁን ከመሳቢያ አወጣሁ። ገጽ 62። ወታደሩ የታመመ መስሎ ነው የቀረው ብለው ጽፈዋል። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ “እንግዲያው መንገዱንም የጠቆመው እሱ ነው በሉና ገላግሉን።”

ደሜ ፈልቶ የጻፍኩት ነው። ፌዝ ነው። ፌዝ አያውቁም? ተማሪዎቼ ያውቃሉ... ተማሪዎቼማ ምን ያድርጉ፣ ለምደውኛል።

እሑድ፣ የካቲት 9

ልጄ ለምሳ መጣች። ሳላስበው ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

“አባዬ፣ ሰውየው ከሞተ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆነው። ይከሰኛል ብለህ ነው?”

“ስለማይከስ ነው እንጂ።”

ቀሪውን ነገርኳት። ጓዶቹ አልቀው እሱ በሕይወት አገሩ ሲመለስ እሳት የሚያበድረው ጠፋ። የሚያናግረው ጠፋ። ስሙ ፈሪው ሆነ። በዓመቱ ሌላ ጦርነት ላይ ከሰልፉ ወጥቶ ብቻውን ፋርሶቹ መሃል ገባ፤ ሞተ። ያኔም የአገሩ ሰዎች ክብር ነፈጉት። ጸሐፊው ግን በእሱ ፍርድ ከሁሉም የበለጠ ጀግና እሱ እንደነበር ጽፏል።

“ታዲያ ኅዳጉ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ፌዝ ነበር በላቸው።”

“ይስቁብኛል።”

“ይሳቁብሃ። እሱ የተባለውን አስበው።”

ሳህኖቹን አነሳች። ጨቅጫቃነቷ ከእኔ መሆኑን እናቷ ሁሌ ትናገራለች።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀደድኩት። ከላይ እስከ ታች ስሜ ይውጣ ይል ነበር። ስሜ ወጥቶ እኔ ንጹሕ ልሆን... እሱ ከሃዲ ሆኖ ሊቀር።

ዛሬ የላክሁት ይኸው፦

“ገጽ 62 ኅዳግ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። በንዴት የጻፍኩት ፌዝ ነው፤ ምንም ምንጭ የለውም። ይህን ማንም ቢጠይቃችሁ አሳዩት። እናንተም ሳትጠይቁ፣ የላክሁትን ትርጉም ሳታዩ ወስዳችሁታል። ስሜን አታውጡ። ሰውየው ከሃዲ የሆነበትን ትዕይንት አውጡ። መውጣቱን እስከ ዓርብ የካቲት 21 በጽሑፍ አሳውቁኝ። በስልክ አልቀበልም። ጋሼ መባልም አያስፈልገኝም።”