ኤማ በሰባት ሰዓት ትነሳለች

እሑድ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 3 ሰ.

ያቺ ሴትዮ ዛሬም በሰባት ሰዓት ተነሳች። ኤማ ትባላለች። የምትኖረው ስልክ ውስጥ ነው። ፊቷን ትታጠባለች፣ ቁርስ ትበላለች፣ በስምንት ከሩብ አውቶቡስ ትይዛለች። ሦስት ቀን ሰማኋት፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ሰው ዙህር ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል እሷ ገና ዓይኗን ትገልጣለች። ባሏ ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁ። ዘይነብ በሳቅ ፈረሰች። ምን እንደሚያስቃት አልነገረችኝም።

አንተ ደብተር፣ እንተዋወቅ። ሐሰን ነኝ። ቡታጅራ መናኸሪያ ሠላሳ ዓመት ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። የሚጽፍልኝ የመጨረሻ ልጄ የዘይነብ እጅ ነው። ኤማ ያለችበት የእንግሊዝኛ መልመጃዋ የቀን ውሎሽን በየዕለቱ ጻፊ ይላታል። የኔ ቀን ምን አለው አለች። እንግዲያው የኔን ጻፊ አልኳት። እኔ ቀን አለኝ።

ለሱብሂ እነሳለሁ። ሰግጄ መናኸሪያ እወርዳለሁ። ሥራውን ከለቀቅሁ አራት ዓመቴ ነው፤ እግሬ ግን አልለቀቀም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6። ማታ፣ ከመግሪብ በፊት።

ነገሩ ተገለጠልኝ። ፈረንጅ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የነሱ ሰባት ሰዓት የኛ ጠዋት አንድ ነው። ኤማ ሰነፍ አይደለችም፤ ይቅር ብያታለሁ። ግን ሁሉም ተኝቶ ሳለ ቀን ተጀመረ ማለት ምን ማለት ነው? ማን አይቶት? ፀሐይ ወጣች፣ ቀን ሆነ። ሌላ ምን ይፈለጋል።

ዘይነብ ስድስት መቀነስ ነው፣ ካልበቃ ስድስት መጨመር ነው አለችኝ። አንዴ ነገረችኝ፣ በቃ። አሁን ከሷ እቀድማለሁ። ዘጠኝ? ሦስት። አንድ? ሰባት። ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

የምትለፋው ለሥራ ነው። አ.አ. አንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል። ፈተናው ወልቂጤ ነው። እንግሊዝኛውን ሰምቶ መመለስ፣ አንብቦ መመለስ። አብዛኛው የሰዓት ነገር ነው፤ እንግዳው መቼ ይመጣል፣ ቁርስ መቼ ይቀርባል። ኮሌጅ ከጨረሰች ሦስት ዓመቷ። ሁለት ጊዜ ሌላ ቦታ ተፈትና ወድቃለች። ካለፈች ትሄዳለች።

እናቷ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ። ወንዶቹ ልጆቼ መርካቶ ናቸው፤ ለዓረፋ ይመጣሉ፣ በግ ያርዳሉ፣ ይሄዳሉ። እዚህ ያለነው ሁለታችን ነን። ይኸንን መጻፍ አልነበረብሽም። ጻፍሽው? ይሁን።

ዓርብ፣ ግንቦት 9። ከጁምዓ መልስ።

ከአሥር አራት! ትላንት የመለሰችው ይኸን ነው። ስልኩ ሲያወራ እሷ ወረቀት ላይ ትሞነጭራለች። አንዱን ስትጽፍ ሁለቱ ያመልጧታል። ፈተናው ላይ ሁለቴ ብቻ ነው የሚያሰሙት። ተናደደች፣ እርሳሱን ወረወረች። እኔም ተናደድኩ።

ከዚያ እርሳሱን አንስቼ ደበቅሁባት። እኔ ሠላሳ ዓመት በምን ሠራሁ? በወረቀት? እያንዳንዱ ሰዓት በራሴ ውስጥ መኪና አለው። ማለዳ አሥራ ሁለት፣ አዲስ አበባ። አንድ ሰዓት፣ ቡኢ። ሁለት፣ ቆሼ። ሦስት፣ ሆሳዕና። ተሳፋሪ ሲመጣ በሐሳቤ የሰዓቱ መኪና ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ መውረድ አይችልም። ኤማንም እንዲሁ አደረግናት። ስትነሳ ቡኢ መኪና ላይ ናት። አውቶቡሷን ስትይዝ ቆሼ። ቢሮ ስትገባ ሆሳዕና።

ዘይነብ አባ ይሄ እብደት ነው አለች። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከአሥር ዘጠኝ።

ዛሬም ዘጠኝ። እኔ ራሴ ሺ ጌትስ አፕ አት ሰቨን እያልኩ ነው የምሄደው። መስጊድ በር ላይ ጫማ ሳወልቅ አመለጠኝ፣ ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። ይዩ።

እሑድ፣ ግንቦት 11። ምሳ ሰዓት።

መልእክት መጣ። በእንግሊዝኛ። ሐሙስ፣ ወልቂጤ፣ 2:00። እሷ ገና ሳታስብ ስድስት ጨመርኩ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልኩ። እሷም እውነትህን ነው አለች። ጠዋት ሦስት ላይ መኪና ብትይዝ ይበቃታል፤ መንገዱ ሽቅብ ቢሆንም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የፈረንጅ መልእክት ፈታ። ይኸንን አስምሪበት።

አንብቦ መመለሱም ገብቷታል። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ታስረዳኛለች፣ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። አንዱን ሳትኩ፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቶም እሑድ መኪናውን የሚያጥበው ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን። ሰው መኪናውን የሚያጥበው ሲቆሽሽ ነው፣ ቀን ቆጥሮ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። መጽሐፉ ነው የሚለው አባ አለች። መጽሐፉ ተሳስቷል።

ሰኞ፣ ግንቦት 12። ማታ።

ከመናኸሪያ ተመልሻለሁ። ሸምሱ እዚያው ነው። እሱን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፣ አሁን በቦታዬ የቆመው እሱ ነው። ሰላም አለኝ፣ ጥቂት አወራን።

ዛሬ የማጽፈው የለኝም። ጉልበቱን አመመው ብለሽ ጻፊ።

አንተ ደብተር፣ ላንተ ብቻ የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ግን ወዳንተ የሚወስደው መንገድ በእሷ እጅ ያልፋል። ይኸው እያየችኝ ነው። ምንድን ነው አባ ትላለች። ምንም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13። ከቀኑ 9 ሰ.

እንቅልፍ አልነበረም። ጓሮ ወጣሁ፣ እንሰቱን አየሁ፣ ገባሁ። ደግሞ ወጣሁ። ዘይነብ ስልኩን ከፍታለች። ኤማ ተነሳች፣ ኤማ በላች። ዝጊው ብዬ ጮህኩ። ከነገ ወዲያ ፈተና አለኝ እኮ አለች። ፈተና ፈተና፣ ሌላ ወሬ የለም እዚህ ቤት አልኩ። ስልኩን ይዛ ጓሮ ወጣች፤ በመስኮት አየኋት፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሁሉንም መኪና ላይ እያስቀመጠች እንደሆነ ከፊቷ አወቅሁ። ከንፈሯ ቡኢ ይላል።

ምሳ አቀረበች። ያለ ጨው ነው አልኩ። ጨው ነበረው።

ይኸንንም ጻፈችው፣ እልኸኛ ናት። በኔ ወጥታለች።

መናኸሪያ አልሄድኩም። በሠላሳ ዓመት አንድም መኪና በስህተት አላስወጣሁም። ይኸንን ለምን እንደማነሳው አትጠይቂኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14። ማታ 12 ሰ.

ሸምሱ ከቀትር በኋላ እዚህ በር ድረስ መጣ። ዘይነብ የነገ ልብሷን ልታስተኩስ ጎረቤት ሄዳ ነበር። ጋሼ፣ ያስያዝከኝን ቦታ ትፈልጉታላችሁ ወይስ ለሌላ ልስጠው፣ ከመግሪብ በኋላ አልጠብቅም አለኝ። ዘይነብ ወደሄደችበት አየሁ። ምነው ጋሼ፣ መኪና ስታስጠብቅ ዛሬ ገና አየሁህ አለ። እንዳትሰጠው አልኩት።

ዘይነብ፣ አሁን የምልሽን ሁሉ ጻፊ። ብዕሩን ሳታነሺ። ስጨርስ ትናገሪያለሽ።

ፈተናው ነገ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። መልእክቱን የጻፈው ኤማ አይደለችም፤ ወልቂጤ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ የኛው ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ ሰዓቱን ግን እንደናቱ ቤት ቆጠረ። ሁለት ያለው ሁለት ነው። ስድስት የጨመርኩበት እኔ ነኝ። አንቺ እኔን አምነሽ ነው።

ያወቅሁት ሰኞ ነው። ሸምሱ ነገረኝ። ሦስት ልጃገረዶች ለፈተናው ሐሙስ ሳይነጋ በአሥር ተኩሉ መኪና ይሄዳሉ፣ ያንተዋስ ጋሼ ብሎ። ደውለው ጠይቀው ኖሯል፣ ጠዋት ሁለት ተብለዋል። ያዝላት አልኩት። አፌ ከልቤ ቀደመ። ቤት ስገባ ዝም አልኩ። ሰኞ ዝም። ማክሰኞ ዝም።

ለምን? ይኸንንም ጻፊ። አንዱ፣ ሐሰን ሰዓት ሳተ እንዳይባል ነው። እሱ ትንሹ ነው። ትልቁ፣ ካመለጠሽ እዚሁ ትሆኛለሽ ብዬ ነው። ቀላል ነበር። ምንም አላደርግም፤ ዝም ብቻ። አንቺ ሦስት ሰዓት ላይ ትወጫለሽ፣ በሩ ተዘግቶ ትደርሻለሽ፣ እያለቀስሽ ትመጫለሽ፣ እኔ አይዞሽ እላለሁ። ሁሉንም አስቤዋለሁ። አይዞሽ የምልበትን ድምፅ ሳይቀር።

ትላንት ግን በመስኮት አየሁሽ። መኪኖቼን ይዘሽ። የኔን መኪኖች አስተምሬሽ፣ መልሼ ላስቀርሽ?

እጅሽ ለምን ቆመ? ጻፊ። መቆጣት መብትሽ ነው፤ ነገ መኪናው ውስጥ ተቆጪ፣ ረጅም መንገድ ነው። ከተመለስሽም በኋላ ተቆጪ።

ቦታሽ ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ነው። አሥር ሰዓት ላይ የምቀሰቅስሽ እኔ ነኝ። ስልክሽን አትመኚው፣ የማንን ሰዓት እንደሚቆጥር አይታወቅም። መናኸሪያ ድረስ አብሬሽ እወርዳለሁ። መኪናውን እኔ ነኝ የማስወጣው፤ ሸምሱ ዘወር ይላል።

ካለፍሽ ሂጂ። ያልኩት ነው፣ አስምሪበት። ምሳዬን ጎረቤት ታቀርብልኛለች፣ ጠይቄያታለሁ። አልጠየቅሁም፤ ነገ እጠይቃታለሁ።

አንተ ደብተር፣ አንተም ነገ መንገደኛ ነህ፣ ከሷ ጋር። ዘይነብ፣ መንገድ ላይ የኔን ቀን አንብቢው። አንብቦ መመለስም አለ አላልሽም? ጥያቄውን እኔ አወጣለሁ። አንደኛ፣ ሐሰን ነገ በስንት ሰዓት ይነሳል? አሥር ሰዓት፣ ከሱብሂ በፊት። ሁለተኛ፣ ለምን ይነሳል? ይኸንን አልነግርሽም፣ ራስሽ መልሺ። ሦስተኛ፣ መኪናው ከወጣ በኋላ ሐሰን ወዴት ይ

የት ነው የምትሄጂው፣ ቦርሳሽን ኋላ ትሸክፊያለሽ፣ ገና አልጨረስ