ኮምፒውተሩን እንዳትዘጊው

እታለም፣

ኮምፒውተሩን እንዳትዘጊው። ለእማዬ ብለሽ እንዳዘዝሽኝ የስልክሽን ፎቶዎች ወደ ቤተሰቡ ገጽ እያስተላለፍኩ ነበር።

ፕሮግራሙ ፊት እየለየ የእያንዳንዱን ሰው ፎቶ ለብቻው ይሰበስባል። አንቺን ግን ሁለት ቦታ ከፍሎ «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንደኛው የሠርግሽ ፊት ነው። ሌላው ዓይኑ የተደፈነ፣ ከንፈሩ የተተረተረ፤ «መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ» ያልሽኝ ጊዜ ያነሳሽው።
እኔ ሞኟ ወለሉን ሳደርቅልሽ ሰነበትኩ።

ባልሽ ከኋላዬ ቆሞ አየው። «አጥፊው» ብሎ ፀጉሬን ጨምድዶ ከጠረጴዛው ጋር አላተመኝ። እጄ የገባው ካውያሽ ነው፤ ጆሮ ግንዱን አልኩት። አለመሰካቱ ለሱ ደግ ሆነ።

አልሞተም፤ በእግሩ ሐኪም ቤት ሄዷል። ምንጣፉን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌዋለሁ፤ ሙቅ እንዳትጨምሪበት፣ ደሙ አይለቅም።
ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ ካውያው ብቻ ነው፤ እጀታው ተሰብሯል።

እሱ ሳይቀድመኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄጃለሁ።

«ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው» እንዳትዪኝ፤ ፎቶውን አልላክሁትም። ጥያቄው አሁንም ስክሪኑ ላይ አለ። «አዎ» ካልሽ ከሠርጉ ጋር አብሮ ገጹ ላይ ይወጣል፤ እነእማዬ ያዩታል።

እኔ ሁለቱን ፊቶች ባያቸው ባያቸው አንድ ሰው ናቸው ብዬ መማል አቃተኝ።
አንቺው መልሺለት።