በአንድ የይለፍ ቃል ስማችንን ሁሉ ለቆለፉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ቃለሕይወት መንገሻ
የላቦራቶሪው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሰንጋ ተራ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ። በተለይ ደም የሚያስፈልገው ሕመም እንዳይገጥምዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ምርመራው በእርስዎ ላቦራቶሪ ከተሠራ የደምዎ ዓይነት ምን ተብሎ እንደሚላክ ዋስ የሚሆንልዎ ሰው የለምና።

እኔ ሴና ኢዶሳ፣ የጌጃ ሰፈር ልጅ፣ እስካለፈው ወር ድረስ የድርጅትዎ ፕሮግራመር የነበርኩ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸውን ማመልከቻዎች ለማንበብ ጊዜ እንዳጡ ስለተረዳሁ ነው። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አርቆ አስተዋይነትዎ አመሰግናለሁ። የምርመራ ውጤት በኮምፒውተር ፊርማ እንዲላክ ሲወሰን ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ፊርማው የሚወጣበት፣ የግል ቁልፍ የሚባል የራሱ ምስጢር አለው፤ ሰርተፍኬቱ ደግሞ ውጤቱ ለሚደርሰው ሆስፒታል «ይህ ፊርማ የእገሊት ነው» ብሎ ይመሰክራል። የእኔ ኮድ የእያንዳንዱን ሰው ቁልፍ ኪይስቶር በምንለው ማኅደር ለየብቻ አስቀምጦ፣ ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ይዘጋው ነበር። እርስዎ ግን ጥቂት ሠራተኞች የይለፍ ቃላቸውን ስለረሱ ተቆጥተው፣ የሁላችንም ቁልፍ፣ የእርስዎም ጭምር፣ በአንድ ማኅደር ተሰብስቦ በአንድ ቃል እንዲዘጋ፣ ቃሉም እንግዳ መቀበያ ድረስ እንዲታደል አዘዙ። እንዲህ ከሆነ ማንም በማንም ስም ይፈርማል ብዬ ስከራከርዎ፣ «ስሚ ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ሥራ እንዳይቆም ነው፤ ፍልስፍናውን ለዩኒቨርሲቲ ተይው» አሉኝና ሥራውን ከእኔ ወስደው ለሌላ ሰጡት። ሥራም አልቆመም።

ሁለተኛ፣ ሥራው ባለመቆሙ የሆነውን ላስታውስዎ። የደም ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወንድማቸው ሞቶባቸው ለቀብር ደብረ ብርሃን ሄደው ሳሉ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው ማኅደሩን ከፍቶ በእሳቸው ቁልፍ የአንዲት ወላድ የደም ምርመራ ፈርሞ ላከ። ወላዷ ፋዮ ትባላለች። ደሟ ኦ ሆኖ ሳለ ኤ ተብሎ ተላከ። ሆስፒታሉ ፊርማውን አይቶ አመነና ደም ሰጣት። ደሙ ገና መግባት ሲጀምር ተንቀጠቀጠች፤ ወገቤን ብላ ጮኸች። ተረኛዋ ነርስ ፈጥና ባታቆመው ኖሮ ሕፃኑ ያለ እናት ይቀር ነበር። ነፍሷ ተረፈ፤ ኩላሊቷ ግን ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝታ ሰነበተች።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍትሕዎ። ያን ውጤት ማን እንደላከው መጠየቅ ሲገባዎ ወይዘሮ ተናኘወርቅን ከሥራ አግደው ኮሚቴ ፊት አቆሟቸው። ጥቁር ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም ነበር። «እኔ አልፈረምኩም፤ ወንድሜን እየቀበርኩ ነበር» ሲሉ፣ እርስዎ ሻይዎን እያማሰሉ «ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ኮምፒውተር አይከፍትም ያለው ማነው? ሰርተፍኬቱ የእርስዎ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ አይዋሽም» አሏቸው።

በምስክርነት ተጠርቼ ስለነበር ለማስረዳት ፈቃድ ጠየቅሁ። ሁሉም ሰው በሚያውቀው የይለፍ ቃል ማኅደሩን ከፈትኩ፤ በጥቂት መስመር ኮድ የእርስዎን የግል ቁልፍ አወጣሁና «ለጥፋቱ ተጠያቂው እኔ ነኝ» የሚል ቃል በስምዎ ፈርሜ ለሰብሳቢዋ ለወይዘሮ ወይንሀረግ ላክሁ። እሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና «አቶ ቃለሕይወት፣ ሰርተፍኬቱ ትክክል ነው ይላል» አሉ። ፊትዎ ተለዋወጠ። «እኔ አልፈረምኩም» አሉ። ወይዘሮ ተናኘወርቅም አንገታቸውን እንደደፉ፣ ቀስ ብለው «እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነበር» አሉ።

ኮሚቴው እሳቸውን ነጻ አወጣ። እኔን ደግሞ እርስዎ «የኃላፊን ፊርማ በማጭበርበር» ብለው በማግስቱ አሰናበቱኝ፤ ለፍጥነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከሁሉ የሚያስጸይፈኝን ገና አልጻፍኩም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ሲጠየቁ «መጀመሪያ ሰርተፍኬቴ ይሰረዝ፣ ቁልፌም ከዚያ ማኅደር ይውጣ» ብለው ቤታቸው ቀሩ። እርስዎም እሺ አሉ፤ አላደረጉትም። እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ፣ የደም ምርመራ ዛሬም በእሳቸው ፊርማ ከሰንጋ ተራ ይወጣል። አንድ ጓደኛዬ ከምትሠራበት ሆስፒታል ደውላ «እትዬ ተናኘወርቅ ተመለሱ እንዴ?» ብትለኝ ነው ያወቅሁት። የአንዲት ወላድ ሥቃይ ያላስተማረዎትን ምን ሊያስተምርዎት እንደሚችል አላውቅም። የምለምንዎ ይህ ብቻ ነው፤ ሰርተፍኬቱን ዛሬውኑ ያሰርዙ፤ ሆስፒታሎችም እንዳይቀበሉት ያሳውቁ።

የሰው ስም እጅዎ ሲገባ እንደ ቢሮ ማኅተም ለሚጠቀሙበት ለእርስዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ሳልቀንስም ሳልጨምርም በማቅረብ፣

ሴና ኢዶሳ
በገዛ እጄ የፈረምኩ

ማሳሰቢያ፦ ፋዮ ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጥታለች። ያን ውጤት ማን እንደላከው ብትጠይቀኝ ድርጅቱ እስካሁን አላጣራም አልኳት፤ እንግዲያውስ ራሴ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ ብላ ሰኞ ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ መሆኑን ነግሬያታለሁ፤ ነገር ግን ደረጃ መውጣት ገና ስለማትችል፣ እርስዎ ቢወርዱ ይሻላል።